ማክስ፣ ሎው ስፒን ወይስ ድሮው? አዲስ የጎልፍ ድራይቨር ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ የራሴን ጅልነት ልናገርና ወደ ንጽጽሩ እንገባለን። የሆነ ጊዜ ድራይቨር፣ ማለትም የመጀመሪያውን ረጅም ምት የምንመታበትን ትልቁን የጎልፍ ዱላ፣ ልቀይር ብዬ ሱቅ ገብቼ አስር ኳስ መታሁ፣ ዘጠኙ ግራና ቀኝ ተበተነ፣ አንዷ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ስክሪኑ ላይ ከአሮጌው ድራይቨሬ 20 ያርድ አልፋ አረፈች፣ እኔም ያቺን አንዷን ብቻ እያየሁ ከፍዬ ወጣሁ። የገዛሁት ሎው ስፒን የሚባለውን፣ ኳሱን ብዙ የማያሽከረክረውን አይነት ነበር። ሜዳ ላይ ያቺ አንዷ ብዙም ብቅ አላለችም፣ ዘጠኙ ግን አብረውኝ መጥተዋል።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው የትኛው ድራይቨር ጥሩ ሲመታ ሩቅ ይሄዳል የሚለውን አይደለም፣ እሱ ላይ ሁሉም ተቀራራቢ ናቸው። ኳሱ ከፌሱ (ኳሱን ከሚመታው ገጽ) መሀል ሲያመልጣችሁ የትኛው ይሻላችኋል የሚለውን ነው።

ለምን ተቀራረቡ ካላችሁ ህግ ስላለ ነው። ዩኤስጂኤ እና አር ኤንድ ኤ የሚባሉት ሁለቱ የጎልፍ ህግ አውጪዎች የድራይቨር ጭንቅላት ከ460 ሲሲ እንዳይበልጥ ወስነዋል፣ ፌሱ ኳሱን እንደ ስፕሪንግ መልሶ የሚገፋበትንም ነገር በፔንዱለም እየመቱ ይለኩትና 239 ማይክሮ ሰከንድ ላይ ይገድቡታል፣ ለመለኪያ ልዩነት 18 ተፈቅዶ ቢበዛ 257 ማለት ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እዚህ ጣሪያ አጠገብ ከደረሱ ቆይተዋል። ስለዚህ ከአምናው በ15 ያርድ ይበልጣል የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ፈገግ በሉና እለፉት፣ የአምናው ድራይቨራችሁ ጨርሶ የማይሆናችሁ ካልነበረ በስተቀር።

የተቀየረው ነገር ኤም ኦ አይ የሚሉት ነው። እሱ ምንድነው፣ ኳሱ ፌሱን ጫፍ ላይ ሲመታው ጭንቅላቱ አልጠመዘዝም ብሎ የሚያንገራግርበት መጠን ነው። ብዙ ባንገራገረ ቁጥር ከመሀል የወጣችው ምት የምታጣው ፍጥነት ያንሳል፣ አቅጣጫዋም ብዙ አይበላሽም። 2024 ላይ ፒንግ ጂ430 ማክስ 10 ኬን፣ ቴይለርሜድ ደሞ ኪውአይ10 ማክስን ይዘው መጥተው 10,000 አለፍን ሲሉ ህጉ 5,900 አይደል እንዴ ብሎ ግራ የሚጋባ አለ፣ ነገሩ ግን ህጉ የሚገድበው ከውስጥ ጫፍ ወደ ውጪ ጫፍ የሚሆነውን መጠምዘዝ ብቻ ነው፣ እነሱ ከላይ ወደ ታች ያለውንም ደምረው ነው 10,000 የሚሉት።

ማክስ እና ሎው ስፒን

ማክሶቹ፣ ማለትም እንደ ፒንግ ጂ440 ማክስና ቴይለርሜድ ኪውአይ35 ማክስ ያሉት፣ ክብደታቸው ወደ ኋላ ተስቦ ነው የተቀመጠው። ኳሱ ከፍ ብሎ ይነሳል፣ ስፒኑ ትንሽ ይጨምራል፣ ጫፍ ላይ ስትመቱ ቅጣቱ ይቀንሳል። ሎው ስፒኖቹ ጋር ስትመጡ፣ ጂ440 ኤልኤስቲ፣ ኪውአይ35 ኤልኤስ ምናምን፣ ክብደቱ ወደ ፌሱ ቀርቧል፣ የታይትሊስቱ ጂቲ4 ደሞ ጭንቅላቱም ራሱ አንሶ 430 ሲሲ ነው። መሀሉን ካገኛችሁት ኳሱ ጠንካራ ሆኖ ዝቅ ብሎ ይበራል፣ በጣም ደስ ይላል፣ ሱስ ያስይዛል እላችኋለሁ፣ ካላገኛችሁት ግን ልዩነቱን እጃችሁ ላይ ይነግራችኋል።

ስፒን ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው የሚል ወሬ አለ፣ ለሁሉም ሰው አይሰራም። ኳሱን አየር ላይ የሚያቆየው ወደ ኋላ የሚሽከረከረው ስፒን ነው። ክለቡን (ዱላውን) በሰዓት 110 ማይል የሚወነጭፍ ሰው ስፒኑ በደቂቃ 3,500 ዙር ከሆነ ኳሱ ወደ ሰማይ እየወጣ ርቀት ይበላበታል፣ ለሱ ሎው ስፒን መድሀኒት ነው። በ88 ማይል የሚመታ ሰው ደሞ ስፒኑን 1,800 ቢያደርገው ኳሱ ግማሽ መንገድ ላይ ነዳጅ እንዳለቀበት አውሮፕላን ይወርድበታል። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ፣ ከላይ የነገርኳችሁ ግዢ ስህተቱ ይሄ ነበር። በኔ እምነት ፍጥነታችሁ ከ105 በታች ከሆነ ከማክስ ወይም ከመሀለኛው ሞዴል ጀምሩ፣ ሎው ስፒኑን የምትነኩት ቁጥሩ ራሱ ስፒን በዝቷል ካለ ብቻ ነው።

ድሮው የሚባለው፣ ለምሳሌ የፒንግ ኤስኤፍቲ፣ ክብደቱ ወደ ሻፍቱ (ወደ ዱላው ዘንግ) በኩል ተጠግቶ ፌሱ ቶሎ እንዲዘጋ ያግዛል። ስላይስ፣ ማለትም ኳሱ ወደ ቀኝ እየታጠፈ መሄዱ፣ ላስቸገረው ቀኝ እጅ ተጫዋች ኳሱን ወደ ግራ ይመልስለታል፣ ግን ስላይሱ የሚመጣው ፌሱ ከስዊንጉ (ከውንጨፋው) አቅጣጫ አንጻር ተከፍቶ ስለሚደርስ ነው፣ በጣም ከተከፈተ ክብደቱ ብቻውን አይዘጋውም። እኔ ግን ድሮው ክለብ የጀማሪ ነው ብለው ከሚንቁት ጋር አልስማማም፣ 30 ያርድ ቀኝ የሚሄደውን 15 ካደረገላችሁ ኳሳችሁ ከጫካ ወጣ ማለት ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ።

ካርቦን ፌስ ወይስ ታይታኒየም የሚለውን ክርክር ቶሎ ልለፈው፣ ቴይለርሜድ 2022 ላይ ስቴልዝን በ60 ድርብ ካርቦን ፌስ ካወጣ ጀምሮ አለ፣ ሁለቱም ይሰራሉ፣ በደንብ የሚለየው ድምፁ ነው። ድምፁ ካልጣማችሁ አትግዙት፣ በየቀዳዳው ነው የምትሰሙት።

9 ዲግሪ ወይስ 10.5 ወይስ 12

እዚህ ጋር ኩራት ነው የሚገዛው። ዲግሪው ሎፍት የሚሉት ነው፣ ፌሱ ወደ ኋላ ያጋደለበት መጠን። ብዙ ሰው 9 ዲግሪ የጎበዝ፣ 12 ዲግሪ የአዛውንት ይመስለዋል። የምት መለኪያ ማሽን የሚሰራው ትራክማን ቀደም ሲል ያወጣቸውን የታወቁ አማካዮች እዩ፣ የወንዶቹ ትልቅ ውድድር የፒጂኤ ቱር ተጫዋቾች በ113 ማይል እየመቱ፣ ክለቡ ኳሱን ሲነካ 1.3 ዲግሪ ወደ ታች እየወረደ፣ ኳሱ በ10.9 ዲግሪ ተነስቶ በ2,686 ስፒን 275 ያርድ በአየር ይሄዳል። የኤልፒጂኤ ሴቶች ደሞ በ94 ማይል፣ 3 ዲግሪ ወደ ላይ እየመቱ፣ ኳሱ በ13.2 ዲግሪ ተነስቶ በ2,611 ስፒን 218 ያርድ ይሄዳል፣ ወደ 199 ሜትር ማለት ነው። አሁን እውነቱን እንነጋገር፣ የአብዛኞቻችን ፍጥነት ለየትኞቹ ነው የሚቀርበው? ለሴቶቹ ነው። ግን ቲቪ ላይ የምናየውን ወንድ ነው የምንኮርጀው፣ ከዛ ኳሱ ለምን አልነሳም እንላለን። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለዚህም ይሰራል።

በሰዓት 95 ማይል ከማይደርሱት ከሆናችሁ 10.5ትን ከ12 ጋር ጎን ለጎን ምቱ፣ 9ኙን ለጊዜው አስቀምጡት። የአንገቱን ቁልፍ አዙሬ አስተካክለዋለሁ የሚል ደሞ አለ፣ ልክ ነው ቴይለርሜድ እስከ 2 ዲግሪ ወደ ላይም ወደ ታችም ያስኬዳል፣ ግን ሎፍት ስትጨምሩ ፌሱ ትንሽ ወደ መዘጋት፣ ስትቀንሱ ወደ መከፈት እንደሚሄድ እወቁ። ስላይስ ያለበት ሰው ሎፍት ሲቀንስ ስላይሱን እየመገበው ነው።

ሻፍቱ ላይ ትንሽ ልቆይ

ሰው ጭንቅላት መርጦ ሻፍቱን የመጣለትን ይወስዳል፣ እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ፊት አስደርግ (በሰውነቴና በምቴ ልክ አስመርጥ) ብባል ሻፍቱን ነው የምመርጠው። ሬጉላር፣ ስቲፍ፣ ኤክስ ስቲፍ የሚሉት ፊደሎች የጋራ መለኪያ የላቸውም፣ የአንዱ ኩባንያ ስቲፍ ለሌላው ሬጉላር ሊሆን ይችላል። በግምት ከ85 እስከ 95 ማይል ሬጉላር፣ ከ95 እስከ 105 ስቲፍ ይባላል፣ መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ዘና ብሎ የሚወነጭፍና ከላይ በኃይል የሚነጥቅ ሰው አንድ አይነት ፍጥነት ቢኖራቸውም አንድ ሻፍት አይስማማቸውም። ክብደቱም አለ፣ 50 ግራሙና 60 ግራሙ ወረቀት ላይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ ስትወነጭፉት ግን ጊዜ አጠባበቃችሁን ይቀይረዋል።

ከሁሉም በላይ የማያወሩት ርዝመቱን ነው። የሱቁ ድራይቨር ብዙውን ጊዜ 45.5 ኢንች ወይም ከዛ በላይ ነው፣ ብዙ ፕሮዎች ግን ከዛ አጠር ያለ ይይዛሉ። ህጉ እስከ 48 ይፈቅዳል፣ ከ2022 ጀምሮ ደሞ የትልልቅ ውድድር አዘጋጆች 46 ላይ መገደብ ይችላሉ። ለምን ይረዝማል ታዲያ? ረጅም ሻፍት ፍጥነት ስለሚጨምር ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ያምራል፣ መሀሉን ማግኘት ግን ይከብዳል። ሻፍት ከመቁረጣችሁ በፊት ግሪፑን (መያዣውን) አንድ ኢንች ዝቅ ብላችሁ ያዙትና 10 ኳስ ምቱ፣ ፌሱ ላይ የእግር ፓውደር ስፕሬይ ካደረጋችሁ የነካው ቦታ ነጭ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምልክቶቹ ከተሰበሰቡ መልሱን አገኛችሁት። ግማሽ ኢንች ሲቆረጥ ስዊንግ ዌይቱ፣ ማለትም ስትወነጭፉት ጭንቅላቱ የሚከብዳችሁ ልክ፣ ወደ 3 ነጥብ እንደሚቀንስ ግን አትርሱ፣ ጭንቅላቱ ላይ ክብደት ካልተጨመረ ባዶ ዱላ የያዛችሁ ነው የሚመስላችሁ።

ምልክቱ ሌላም ነገር ይነግራል። ከመሀል ከፍ ብሎ ከተመታ ስፒኑ ይቀንሳል፣ ዝቅ ካለ ይጨምራል፣ ስለዚህ ስፒን በዝቶብኛል ብላችሁ ሎው ስፒን ልትገዙ ስትሉ ችግሩ ቲያችሁ (ኳሱ የሚቀመጥባት ትንሽ ችካል) አጥሮ ኳሱን በታችኛው በኩል እየመታችሁት ሊሆን ይችላል።

የት ነው ፊት የምትደረጉት

ሱቅ ውስጥ ከሻጭ ጋር፣ የአንድ ኩባንያ ዴሞ ቀን ላይ፣ ወይ ብዙ ብራንድ ከሚይዝ ገለልተኛ ፊተር ጋር። የሱቁ ቅርብ ነው፣ ግን ሻጩ መሸጥ አለበት። ዴሞ ቀኑ ጥሩነቱ ውጪ ሆናችሁ የኳሱን በረራ በአይናችሁ ታያላችሁ፣ ጉዳቱ አንድ ብራንድ ብቻ ነው፣ የምትመቱትም የሬንጅ (የልምምድ ሜዳ) ኳስ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደሞ ርቀቱን ያሳሳታችኋል። ገለልተኛው ፊተር ክፍያ ይጠይቃል፣ እኔ ግን አዲስ ሞዴል ያለፊቲንግ ከመግዛት ያለፈውን አመት ሞዴል ከፊቲንግ ጋር እመርጣለሁ። ማሽኑም ይለያያል፣ እንደ ትራክማን ያለው ራዳር ኳሱ ሲበር ማየት ስለሚወድ ሜዳ ላይ ያምርበታል፣ እንደ ጂሲኳድ ያለው የካሜራ ማሽን ጠባብ ቤት ውስጥም አይቸገርም።

የትም ሂዱ የትም፣ መጀመሪያ የራሳችሁን ድራይቨር 10 ኳስ ምቱበትና አስመዝግቡት፣ አለበለዚያ ከምን ጋር ነው የምታወዳድሩት? ከተቻለ የራሳችሁን አይነት ኳስ ይዛችሁ ሂዱ። ከዛ በየክለቡ ከ8 እስከ 10 ኳስ፣ ፊተሩ ምርጧን ሲያሳያችሁ አማካዩን አሳየኝ በሉት፣ በግራና በቀኝ ጫፍ ኳሶች መሀል ያለውን ስፋትም ጠይቁ። ስማሽ ፋክተር የሚለው ቁጥር የኳሱ ፍጥነት ለክለቡ ፍጥነት ሲካፈል ነው፣ ለድራይቨር ጣሪያው 1.50 አካባቢ ነው፣ እኔ ከፍ ያለውን ሳይሆን ከኳስ ኳስ የማይዋዥቀውን ነው የማየው። ከ40 ኳስ በኋላ ሰውነት ይደክማል፣ ያኔ የሚመጣው ቁጥር የክለቡ ሳይሆን የድካማችሁ ነው፣ ሁለቱን የመጨረሻ እጩዎች ለሌላ ቀን አቆዩ።

እኔ በስተመጨረሻ የያዝኩት ማክስ ነው፣ 12 ዲግሪ፣ 44.75 ኢንች፣ 50 ግራም ሬጉላር ሻፍት። ምርጧ ኳሴ ከሎው ስፒኑ ምርጥ በ6 ያርድ ታንሳለች፣ መጥፎዋ ግን አሁንም ሳሩ ላይ ነች።

ክለቡ በልካችሁ ሲሰራ ደሞ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፣ የታዘዘው ክለብ ሲመጣ ፕላስቲኩን ሳትቀዱ የፊቲንግ ወረቀታችሁን አውጡና ርዝመቱን በሜትር ለኩት፣ ሻፍቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ የአንገቱ ቁልፍ የትኛው ቁጥር ላይ እንደቆመ እዩ። የኔ የመጀመሪያው አንድ ኢንች ረዝሞ ነው የመጣው፣ ያወቅኩት ደሞ ሶስት ዙር ከተጫወትኩበት በኋላ ነው፣ መመለስ አይቻልም ተባልኩ።