ለመጀመሪያ የትራክ ቀን ከጎማ በፊት ፍሬን ዘይት፦ ሞቱል አርቢኤፍ 600

የዲሲ አካባቢ ልጆች የቶዮታን ስፖርት መኪና ጂአር 86 ሲገዙ መጀመሪያ የሚያስቡት ስለ ቸርኬና ስለ ማርሚታ ነው። ይመቻቸው፣ ያምራል። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የመኪና ውድድር ሜዳ ሰሚት ፖይንት ላይ ግን ማርሚታ መኪና አያቆምም።

ቶዮታ እዚህ አሜሪካ አዲስ ጂአር 86 ለገዛ ሰው የናሳ (የጨረቃው ሳይሆን የመኪና ስፖርቱ ማኅበር) የአንድ ዓመት አባልነትና አንድ ነጻ የትራክ ቀን (በራስ መኪና ውድድር ሜዳ ላይ የሚነዳበት ቀን) ይሰጣል። ነጻ ነው ብሎ መኪናውን ከሰፈር አንስቶ በቀጥታ ዌስት ቨርጂኒያ የሚወርድ አለ። እኔ ከመሄዴ በፊት ብር ያወጣሁት ለዚህ ዘይት ነው። ጠርሙሱ ግማሽ ሊትር ስለሆነ ሁለት ግዙ፣ አንዱ አይበቃም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት በገባበት ቁጥር ደግሞ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ተራ ዶት 4 (የተለመደው የፍሬን ዘይት ደረጃ) አዲስ እያለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ መቋቋም አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ እስከ 155 ይፈቅድለታል። ይሄኛው አዲስ ሲሆን 312 ነው። ከተማ ውስጥ ልዩነቱ ጭራሽ አይታወቃችሁም። ሰሚት ፖይንት ዋናው ትራክ ላይ ግን ቀጥታው ወደ 900 ሜትር ይጠጋል፣ ጫፉ ላይ አንደኛው ኩርባ አለ፣ በየዙሩ እዚያው ቦታ ፍሬን በደንብ መርገጥ የግድ ነው። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ይታመቃል፣ እግራችሁ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ መኪናው ግን እየሄደ ነው።

ጋቢና የተቀመጠው አሰልጣኝ (ለጀማሪ ያለሱ አይለቁም) «ብሬክ! ብሬክ!» እያለ ሲጮህብኝ ፔዳሉ ጠዋትም ከሰዓትም እዚያው ቦታ ነበር የሚይዘው። ለእኔ ይሄ ይበቃኛል።

የሚያናድድም ነገር አለው። ቀለሙ ከአሮጌው ብዙ ስለማይለይ ሲቀየር አዲሱ መድረሱን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አይታመንም፣ የተረፈውን ለሚቀጥለው ትራክ አታስቀምጡ። የመኪና ቀለም ላይ ከፈሰሰ ይበላዋል፣ ቶሎ በውሃ እጠቡት። አንድ ጋራዥ ደግሞ «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ ከራሱ ጀሪካን ሊሞላልኝ ሲል ነው የያዝኩት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሲቀዳም ቆማችሁ እዩ።

የፍሬን ሸራው ካለቀ ግን የትኛውም ዘይት አያድናችሁም፣ አብሮ ይታይ። የጎማ ቡሎን በልኩ ይጥበቅ። ሄልሜቱ የኤስኤ (የመኪና ውድድር ደረጃ) ምልክት ያለው ይሁን፣ የሞተር ሳይክሉን ብዙ ቦታ አይቀበሉም። ከትራክ እንደወጣችሁ የእጅ ፍሬን እንዳትስቡ፣ ዲስኩ ገና እንደጋለ ነው፤ ማርሽ አስገብታችሁ አቁሙት።

ትራክ የማትሄዱ ከሆነ አትግዙት። ለሥራ መመላለሻ ተራ ዶት 4 ከበቂ በላይ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል፣ እንደዚህኛው ቶሎ ቶሎ ቀይሩኝም አይልም።