የአሸዋው ደሴት፦ ከአስጎብኚ ጋር ወይስ በራስ መኪና?

አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ አጠገብ የዓለም ትልቁ የአሸዋ ደሴት አለ። ድሮ ፍሬዘር ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ነባሮቹ የቡቹላ ሕዝብ ያወጡለት ስም በይፋ ተመለሰለት፤ ሲጠራ "ጋሪ" ይመስላል። (ፈረስ የሚጎትተውን እንዳታስቡ።)

በራስ ፎርዊል መኪና መሄድ ነጻነት አለው። ማኬንዚ ሐይቅ ላይ እስኪበቃችሁ ትዋኛላችሁ፤ ማንም "እንሂድ" አይላችሁም። ግን መንገዱ ራሱ አሸዋ ነው። የጎማ ነፋስ መቀነስ አለ፣ የመኪና ፈቃድ ማውጣት አለ። ዋናው ግን ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ማወቅ ነው። ውሃው ሲሞላ የባሕር ዳርቻው መንገድ ይዋጣል። ጨው ውሃ የጠጣ መኪና ደግሞ... ተዉት።

ከአስጎብኚ ጋር ይሄ ሁሉ ጣጣ የሹፌሩ ነው። ጥድፊያ አለው፣ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1935 ማዕበል የጣላት የማሄኖ መርከብ ዝገት ጋ ፎቶ አንስታችሁ ሳትጨርሱ ትጠራላችሁ። የደሴቱ ደን ውስጥ ግን አስጎብኚ ዋጋ አለው። ያ ሁሉ ግዙፍ ዛፍ በአሸዋ ላይ እንዴት በቀለ? የወደቀው ቅጠል እየበሰበሰ መልሶ ሥሩን ስለሚመግብ ነው። ይህን ብቻዬን ብሄድ ዛፉን አይቼ አልፌው ነበር።

አሸዋ ላይ ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ የአስጎብኚውን አውቶቡስ ያዙ። ዲንጎ (የአውስትራሊያ የዱር ውሻ) ካያችሁ ደግሞ አትሩጡ፣ ምግብም አትስጡ።