ፖስትግሬስ 17 እና 18፦ መስመር ለሚቆራረጥበት ሰው

የምሠራው የግንባታ ዕቃ ሻጭ ጋ ነው። ዋናው መጋዘን ደብረ ብርሃን፣ ቅርንጫፉ ሸዋ ሮቢት። ዋጋ እዚህ ሲቀየር እዚያም ወዲያው መታየት አለበት። ይህን የሚሠራልኝ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ሎጂካል ሬፕሊኬሽን ነው፤ ማለትም ዋናው ሰርቨር ላይ የተደረገውን የዳታ ለውጥ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያስተላልፈው፤ ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው።

መስከረም 2017 የወጣው 17ኛው ስሪት በጣም አስደስቶኛል። ድሮ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት ዳታው በሙሉ በኔትወርክ ይገለበጥ ነበር፣ ትልቁ ቴብል መሃል ላይ መስመር ከተቋረጠ ደግሞ ያ ቴብል እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አሁን ፒጂ ክሪኤት ሰብስክራይበር የሚባል ትእዛዝ አለ። ፊዚካል ስታንድባይ (የዋናው ሰርቨር ሙሉ ቅጂ) የነበረውን ማሽን ዳታውን ሳይገለብጥ ወደ ሎጂካል ተቀባይ ይቀይረዋል። እኔ ማሽኑን እዚሁ ቢሮ በኬብል ሞላሁት፣ ሚኒባስ ላይ ጭኜ በጣርማ በር ቁልቁል ወረድኩ፣ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሰካሁትና መንገድ ላይ ሳለሁ የተጨመረውን ብቻ እስኪጎትት ጠበቅኩ። ከዚያ አቁሜው ትእዛዙን ሰጠሁ። አለቀ። በድሮው መንገድ ስንት ሌሊት እንዳደርኩበት እኔ ነኝ የማውቀው።

ግን ስሎትን፣ ማለትም ተቀባዩ የት እንደደረሰ ዋናው ሰርቨር የሚይዝበትን ምልክት፣ ተጠንቀቁ። ተቀባዩ ያልወሰደውን ሎግ (የለውጦች መዝገብ) ሁሉ ዋናው ሰርቨር ያስቀምጥለታል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምንም አይጎድልም፣ ይህን እወድለታለሁ። ባለፈው ክረምት ግን ቅርንጫፉ ለቀናት መስመር አጣ፣ ሎጉ ተከማቸ፣ የደብረ ብርሃኑ ዲስክ ሞላና ሽያጭ ቆመ። በመጠን የሚገድብ ቅንብር ከ13ኛው ስሪት ጀምሮ አለ፤ ካልነካችሁት ግን ገደብ የለውም፣ እኔም አልነካሁትም ነበር። መስከረም 2018 የወጣው 18ኛው ደግሞ በጊዜ መገደብን ጨመረ፤ ከተባለው ጊዜ በላይ ሥራ የፈታውን ስሎት ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። አንዴ እንዲያ ከሆነ ቅርንጫፉን እንደ አዲስ ማስጀመር ስለሆነ ገደቡን አታሳጥሩት። እኔ 10 ቀን ሰጥቼዋለሁ።

18ኛው የሚመጣው ለውጥ ተቀባዩ ላይ ካለው ዳታ ጋር ሲጋጭ ግጭቱንም ለይቶ ይመዘግባል፣ ትልልቅ ትራንዛክሽኖችን (እንደ አንድ ሥራ የሚፈጸሙ ለውጦችን) ደግሞ ሳትነግሩት በትይዩ ያስገባል። ጥሩ ነው።

የቀረው ችግር የቴብል ቅርጽ ነው። ለውጡ አሁንም ራሱ አይሻገርም፣ ሁለቱም ጋ በእጅ ነው። ኮለም ስትጨምሩ መጀመሪያ ተቀባዩ ላይ ጨምሩ፣ ከዚያ ዋናው ላይ፤ ከገለበጣችሁት ሬፕሊኬሽኑ በኤረር ይቆምና እስክታስተካክሉት ድረስ ሎጉ መከማቸት ይጀምራል።