የእናቴን ፍልውሃ ለመለሰላት ወንድም

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። እናቴ በየማለዳው «ያን ልጅ አመሰገንከው ወይ?» ስትለኝ ሰነፍኩባት፤ ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ ልጽፈው።

የምንኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ ነው። ቤቱን ስንገዛ የቀድሞው ባለቤት ጓሮው ላይ ጃኩዚ፣ ማለትም ሙቅ ውሃ የሚያፍለቀልቅ ገንዳ፣ ትቶልን ሄደ። ሁለት ክረምት ባዶውን እንደተከደነ በረዶ ሲያርፍበት ከረመ። ባለፈው መስከረም እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ጉልበቷን ክፉኛ ያማታል፤ አገር ቤት ሳለች በወር አንዴ ፍልውሃ ካልደረሰች እንቅልፍ የላትም። ክዳኑን ከፍታ አየችና «ፍልውሃን ጓሮህ አስቀምጠህ ነው በቅባት የምታሸኝ?» አለችኝ። እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን የቆረቆሩት ለዚሁ ሙቅ ውሃ ሲሉ መሆኑን ጨመረችልኝ። ከእቴጌ ጋር ማን ይከራከራል? በማግስቱ ሞላነው።

የመጀመሪያው ሳምንት በዓል ነበር። በሁለተኛው ውሃው ደፈረሰ፤ ቁልፉን ስንጫን አረፋው እንደ ፈላ ወተት ይገነፍላል። የልጄ ጀርባ ቀይ ሽፍታ አወጣ፤ ሐኪሟም ከውሃው እንደሆነ ነገረችን።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ያንገበግበኛል። ስም አልጠራም፤ እነሱም ልጅ ያሳድጋሉ። የሄድኩበት መደብር ሻጭ የውሃውን ናሙና እንኳን አምጣ አላለኝም። በሄድኩ ቁጥር አንድ አዲስ ጠርሙስ ያስይዘኛል። የአረፋ ማጥፊያ ያሉት ነገር ለአንድ ሰዓት ሰላም ይሰጥና አረፋው ከነወንድሞቹ ይመለሳል። በአራት ጉዞ 11 ዕቃ ገዛሁ። ቀጥሎ የጠራሁት ጠጋኝ ሁለት ደቂቃ አይቶ «ፓምፑ ይቀየር» አለ፤ 1,400 ዶላር። ለመምጣቱ ብቻ 120 ዶላር ተቀበለኝ። እናቴ ቡና አፍልታ ስትጠብቀው አንድ ስኒ እንኳን ሳይቀምስ ወጣ። እሷን ከገንዘቡ ይልቅ የቆረቆራት ይህ ነው።

ይህንን ወንድማችንን የጠቆመኝ አንድ ሰው ነው፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስማረር ሰምቶኝ። በማግስቱ መጣ። ሌሎቹ የጀመሩት ከዋጋ ነበር፤ እሱ እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ ጣቶቹን አፋተገ፣ አሸተተ። ማጣሪያውን መዝዞ አወጣው። በእጥፋቶቹ መካከል አንድ ቢጫ ነገር ተጋግሮበታል። በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ወደ አፍንጫው አስጠጋና ቀና ብሎ የእናቴን ሻሽ አየ።

«እማማ፣ ለጋ ቅቤ ነው?»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከአገር ቤት ያመጣችውን ቅቤ ራሷን እየተቀባች ነበር ለካ የምትገባው! «አይዞዎት፣ የእኔም እናት እንዲሁ ናት» አላት። ጀርም እንዲገድል ውሃው ላይ የምንጨምረው ኬሚካል፣ ብሮሚኑ፣ ጀርሙን ትቶ ከቅቤው ጋር ሲታገል ከርሟል አለን። የኬሚካሉን ነገር ዛሬም በቅጡ አልገባኝም፤ ይህቺን ግን እናቴም እኔም ገባችን።

ያን ቀን የሸጠልኝ ነገር የለም። 11ዱን ዕቃ ደርድሮ አራቱን አስቀረ፣ ያልተከፈቱትን ከነደረሰኛቸው እንድመልስ ነገረኝ። ክሎሪንና ብሮሚን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያይ ብቻ ፊቱ ተለወጠ፤ ሁለቱ በአንድ ማንኪያ እንኳን መነካካት የለባቸውም አለ። ለቧንቧዎቹ ማጽጃ ጨምሮ ሄደ፣ በማግስቱ ተመልሶ ውሃውን አፈሰሰው። ከቧንቧዎቹ የወጣውን ቡናማ ነገር አልገልጸውም፤ ምግብ ላይ ሆናችሁ የምታነቡ ትኖራላችሁ። ፓምፑ ያው ፓምፕ ነው፤ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። «የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ እናቴን ጠየቃት። ትወስዳለች። ያን ሁሉ ብር ከተቀበሉኝ ሰዎች አንዱም ይህን አልጠየቀም፤ እኔ ልጇም አላሰብኩትም። 104 ፋራናይት፣ ማለትም 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለጤነኛ ሰውም የመጨረሻው ጣሪያ ነው ብሎ ሙቀቱን ዝቅ አደረገው፤ ሐኪሟን ሳናማክርም እንዳትገባ አሳሰበን። ከዚያ ወረቀት ጠየቀና በትልልቅ የአማርኛ ፊደል ጻፈላት፦ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8፣ ብሮሚን ከ4 ፒፒኤም (በሊትር 4 ሚሊግራም) እንዳያንስ፣ ኬሚካል ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ ኬሚካል አይጨመርም፣ ውሃው በየሦስት ወሩ ይቀየር። በፕላስቲክ ሸፍኖ ከበሩ ጀርባ ለጠፈላት። አሁን የጃኩዚው ኃላፊ እናቴ ናት። መነጽሯን አድርጋ መመርመሪያ ወረቀቱን ትነክራለች፣ ቀለሙን ከጠርሙሱ ጋር ታስተያያለች፣ እሷ ሳትፈቅድ ማንም አይገባም።

ለሁለት ቀን ሥራ የጠየቀኝ 150 ዶላር ብቻ ነው። ቡናውንም እስከ በረካው ጠጣ።

ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጻፍኩም። ዴንቨርና አካባቢዋ ያላችሁ ግን እባካችሁ፣ በጃኩዚም በመዋኛም የተማረራችሁ፣ ገንዘባችሁን ሳትበትኑ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ታማኝ ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ እናት ያከብራል። ደግሜ እላለሁ፣ እሱን ሳታማክሩ አንድ ጠርሙስ እንዳትገዙ።

ቅቤው ቀርቷል ብላችሁ እንዳታስቡ። ዓርብ ቅቤ፣ እሁድ መታጠብ፣ ማክሰኞ ጃኩዚ ሆኗል።