ቆዳውን በቆዳ የተኩልኝ ባለሙያ

የአየር ጠመንጃዬን የጠገኑልኝን እኚህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ቅር ይለኛል። ደግሞ የቆየ ባለሞላ የአየር ጠመንጃ ያላችሁ ብታውቋቸው ትጠቀማላችሁ።

የኔ ጠመንጃ ዲያና 27 ነው። አፈሙዙን አጥፈው የሚወጥሩት፣ ፒስተኑ ጫፍ ላይ የቆዳ ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያሾልክ የሚዘጋ ማሸጊያ) የነበረው። "የነበረው" ያልኩት ከዚህ በፊት የነካው ሌላ ጠጋኝ ቆዳውን አውጥቶ ደረቅ ፕላስቲክ ስለገጠመበት ነው። ጉልበት ይጨምራል ብሎ ረጅም ሞላም ከተተበት። ከዚያ በኋላ መወጠሩ ትግል፣ ሲተኮስ ርግጫ፣ ጥይቱ ደግሞ ባሻው ቦታ።

እኚህ ባለሙያ ፈተው መጀመሪያ ያዩት ሲሊንደሩን ነው። በባትሪ አበሩበት፣ ከዚያ ጣታቸውን አስገብተው ግድግዳውን ዳሰሱ። ተጭሯል። ፕላስቲክ ለስላሳና ልኩን የጠበቀ ግድግዳ ይፈልጋል፤ እንዲህ በተጫረ ቱቦ ውስጥ አየር ያሾልካል። ቆዳ ግን እየተለጠጠ ጭረቱን ይችለዋል። ስለዚህ ወደ ቆዳ ተመለስን።

አሠራሩን ቆሜ አየሁ። በዕፅዋት የተለፋ ወፍራም ቆዳ ክብ አድርገው ቆረጡ፣ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት፣ ሲለሰልስ ቶርኖ ላይ ባወጡት ቅርጽ ውስጥ ተጭነው እንደ ሲኒ አጎደጎዱት። ከደረቀ በኋላ ጠርዙን በስለት አስተካክለው ዘይት አጠጡት። ቆዳ ዘይት ካጣ ይደርቃል፣ አየር ያሳልፋል፣ ፒስተኑም ፍጥነቱን የሚገታለት አየር ስለማያገኝ ከሲሊንደሩ ጫፍ ጋር ይላተማል። ከመጠን በላይ ከጠጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አየሩ በድንገት ሲታመቅ በጣም ይግላል፣ ከፒስተኑ ፊት ያለው ዘይት ይቀጣጠላል። ጭሱንና ያልተለመደውን ጩኸት ሰምቶ "ጉልበት አገኘ" የሚል ሞልቷል። ጓርኒሲዮኑና ሞላው እየተጎዱ ነው እንጂ!

ዘመናዊ ነገር የሚጠሉ እንዳይመስላችሁ። ፋይንቨርክባው 124 የሚባለው የአየር ጠመንጃ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የፋብሪካው ጓርኒሲዮን ከዕድሜ ብዛት እንደ ሰም ይፈረፈራል። እዚያ ላይ ምርጫቸው አዲስ ፖሊዩሬቴን (እንደ ጎማ የሚለጠጥ ፕላስቲክ) ነው፣ ፍርፋሪው እስከ መጨረሻው ተጠራርጎ ከወጣ በኋላ። ቴፍሎንንም አይንቁም፤ በጣም ያንሸራትታል። ነገር ግን አንዴ ከተጨመቀ በራሱ አይመለስም፣ ስለዚህ ልኩ ከተሳተ አለቀ። ለአዲሶቹ ጓርኒሲዮኖች ሁሉ ሲሊንደሩ ላይ ያሉትን ስል ጠርዞች አስቀድመው ያለሰልሳሉ፤ ካልሆነ ሲገባ እዚያው ይቆረጣል።

ረጅሙን ሞላ አውጥተው ልኩን አስገቡ። ያኛው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ጥምዝምዙ እርስ በርሱ ሊነካካ ደርሶ ነበር፣ ቃታውንም ያለ ጥቅም ያስጨንቀዋል። ሞላው ውስጥ የሚገባውን መሪ ዘንግ ሳይላላ ጥብቅ ብሎ እንዲገጥም አድርገው ከናይለን ቀረጹት። ሲተኮስ ይሰማ የነበረው የክራር ድምፅ ጠፋ፤ እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይህን ነው። አፈሙዙ ሲዘጋ የሚገጥምበት ቦታ ያለችውን ትንሽ ጓርኒሲዮንም ቀየሩ። መፈተሻዋ ቀላል ናት፦ መጋጠሚያው ላይ የሶፍት ቁራጭ አስቀምጦ፣ ጥይት አጉርሶ፣ አስተማማኝ ኢላማ ላይ መተኮስ። ሶፍቱ ከዘለለ አየር ይወጣል ማለት ነው። የኔው ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፦ አይቸኩሉም። ስልክም ቶሎ አያነሱም። "ነገ ይደርስልኛል" የምትሉ ከሆነ አትሂዱ።

ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ስትሄዱ ከጠመንጃው የወጣ አሮጌ ክፍል ካላችሁ፣ የተሰበረም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱን የሚለኩት ከሱ ላይ ነው።