ማይኩን ደጃችን ድረስ ላመጣችው እህታችን

ምስጋና መጻፍ አልችልበትም። ይህችን ሴት ሳላመሰግን ዝም ብል ግን ነውር ይሆንብኛል። ስሟን እንዳልጠራ አስጠንቅቃኛለች። የማህበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያችን የፕሮግራም አስተባባሪ ናት፣ ይብቃ።

የሰፈራችን የውሃ መስመር ተሰብሮ ወራት ተቆጠሩ። የሚመለከተው መስሪያ ቤት «ነገ ኑ» ይለናል፣ እኛም ተራ በተራ እንመላለሳለን። ሁሉም በየቤቱ ለብቻው ያማርራል። መላው ሲጠፋን ጣቢያው ሄድን። ቅሬታችንን በዜና አንብባ ትሸኘናለች ብለን ነበር።

እሷ ግን «መጀመሪያ አድማጭ ቡድን አቋቁሙ» አለችን። ውሃ አጥተን መጥተን ሬዲዮ አድምጡ? አንዱ ጎረቤቴ ተነስቶ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

አሰራሩ ቀላል ነው። 12 ወይም 15 ሰው ሆነን በሳምንት አንድ ቀን አንድ ቤት እንሰበሰባለን። ፕሮግራሙን እንሰማለን፣ ሲያልቅ ሬዲዮው ይዘጋል፣ ውይይት ይጀመራል። የተስማማንበትን አንዳችን በስልክ ቀድተን እንልካለን። በሳምንቱ ድምፃችን አየር ላይ ይውላል፣ የሌላው ሰፈር ቡድን ሰምቶ ይመልሳል። «የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ» አለችን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1941 ጀምሮ የካናዳ ገበሬዎች በቡድን እያደመጡ እንዲሁ ይወያዩ ነበር። መፈክራቸው «አንብብ፣ አድምጥ፣ ተወያይ፣ ተግብር» ነበር። ችግሩ፣ ብዙ ጣቢያ «አድምጥ» ላይ ያበቃል ትላለች።

በሦስተኛው ሳምንት ከታች ሰፈር የመጣውን ቅጂ ስንሰማ ክው አልን። «የላይኞቹ ውሃችንን ጠልፈውብን ነው» ይላሉ። ላይኞቹ እኮ እኛ ነን! እኛ ደግሞ ስንት ወር ሙሉ እነሱን ስናማ ከርመናል። ስንነጋገር ለካ የሁላችንም ችግር ያው አንድ ስብራት ኖሯል። ከሁለቱም ሰፈር 5 ሰው መረጥን። ከዚያ ወዲያ መስሪያ ቤቱ በር ላይ ብቻውን የቆመ ሰው የለም።

ቀጥሎ ኃላፊውን በቀጥታ ስርጭት አቀረበቻቸው። አልጮኸችም፣ አላፋጠጠችም። «መቼ ይጠገናል?» አለች። «በቅርቡ» አሉ። «በቅርቡ ስንት ቀን ነው?» ዝምታ። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ያስፈራል፣ ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ሙዚቃ ያስገባ ነበር። እሷ ጠበቀች። «20 ቀን» አሉ በመጨረሻ። ያችን ድምፅ ቆርጣ በየሳምንቱ ፕሮግራሙ ሲከፈት ታሰማናለች፦ «ዛሬ 7ኛው ቀን ነው»፣ «ዛሬ 14ኛው ቀን ነው»። በ26ኛው ቀን ውሃው መጣ። ኃላፊውንም በዚያው አየር ላይ አመሰገነቻቸው።

ተጣልተናትም እናውቃለን። አንድ ሰራተኛ ጉቦ በልቷል ብለን በስሜት ቀድተን ብንልክ «ማስረጃ አምጡ» ብላ አላስተላለፈችውም። ተናደድን። አሁን ሳስበው፣ ያንን ለቅቃው ቢሆን ኃላፊው ስቱዲዮ የሚገቡም አይመስለኝም።

የጣቢያውን ቴክኒሻንም ሳላነሳ አላልፍም። የታች ሰፈሮች «አይሰማንም» ሲሉ እኛ ማሰራጫው ዋት አንሶት ነው ብለን ነበር። እሱ «የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ኮረብታ ከጋረደው አያልፍም» አለና ማሰራጫውን ሳይነካ አንቴናውን ከፍ አደረገው። ተሰማ።

አሁን ለጣቢያው በወር በወር ጥቂት ጥቂት እናዋጣለን። የቦሊቪያ ማዕድን ቆፋሪዎች ከደመወዛቸው እያዋጡ የራሳቸውን ጣቢያዎች እንዳቋቋሙ የነገረችን እሷ ናት። ከዚያ በኋላ እጅ ማጠር አሳፈረን።

እንግዲህ ጥቆማዬ፦ በአካባቢያችሁ ጣቢያ እንዲህ ያለች አስተባባሪ ካለች ያዟት። ስትሄዱ ቅሬታ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ በየሳምንቱ የሚቀመጥ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሰዓትም አክብሩ። 5 ደቂቃ አርፍደን ተራችንን ለሌላ ቡድን ሰጥታብናለች፣ ልመናም አልሰራ።

ቡድናችን አልተበተነም፣ ዘንድሮ የመንገድ መብራት ላይ ነን። የዚህ ሳምንት ቀጂ እኔ ነኝ። የላክሁትን 6 ደቂቃ «ወደ 2 አውርደው» ብላ መልሳልኛለች፣ እሱን እየቆረጥኩ ነው።