ፎንት ሲጠፋ፦ ሊብሬኦፊስ ይሻላል ወይስ አስፖዝ ዎርድስ?

የዎርድ ፋይል ተቀብሎ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይር ሲስተም ልትሠሩ ከሆነ፣ ዋጋና ፍጥነት ከማወዳደራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ፋይሉ የሚፈልገው ፎንት ሰርቨሩ ላይ ከሌለ የሚቀይረው መሣሪያ፣ ሊብሬኦፊስም ሆነ አስፖዝ ዎርድስ፣ ይነግረኛል ወይስ ዝም ብሎ በሌላ ይተካዋል?

ለእኔ ምርጫውን የሚወስነው ይሄ ነው። ፎንት የጠፋበት ፋይል አይከሽፍም። ፒዲኤፉ ይወጣል፣ ለደንበኛው ይላካል፣ ችግሩን መጀመሪያ የሚያየው ደንበኛው ይሆናል።

አማርኛ ላይ ደግሞ ይብሳል። ብዙ የአማርኛ ዎርድ ፋይል በኒያላ ወይም በኤብሪማ የተጻፈ ነው፤ ሁለቱም የማይክሮሶፍት ስለሆኑ ከሊኑክስ ጋር አይመጡም። ኒያላ በዊንዶውስ 10 ላይ እንኳ ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ ፎንት ሆኗል። ፊደሉ በተመሳሳይ መጠን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከሚባለው ነጻ የግዕዝ ፎንት አነስ ስለሚል፣ ኒያላ በኖቶ ሲተካ መስመሩ ይሰፋል፣ አንቀጹ ይረዝማል፣ የውሉ ፊርማ ቦታ ብቻውን ወደ ቀጣዩ ገጽ ይሻገራል። የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ገጹ ሳጥን በሳጥን ነው።

ከሊብሬኦፊስ እንጀምር። እንደ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ያለ የቢሮ ፕሮግራም ነው፤ ነጻ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ያለ መስኮት ከትእዛዝ መስመር ይሠራል። ሊኑክስ ላይ የጎደለውን ፎንት ምትክ የሚፈልገው በዋናነት ፎንትኮንፊግ በሚባለው፣ ለፕሮግራሞች ፎንት ፈልጎ በሚመርጠው የሲስተሙ ክፍል በኩል ነው። ይሄ ትልቅ ጥቅም አለው፤ «ኒያላ ሲጠየቅ አቢሲኒካ ኤስአይኤል (ሌላ ነጻ የግዕዝ ፎንት) ስጥ» ብላችሁ አንዴ በማዋቀሪያ ፋይል ከጻፋችሁ፣ ፎንትኮንፊግን የሚጠቀም ሌላ ፕሮግራምም ያንኑ ምትክ ያገኛል። ኤፍሲ-ማች በሚባለው ትእዛዝ የኒያላ ምትክ ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ታያላችሁ፤ ኤፍሲ-ሊስት ደግሞ አማርኛን የሚችሉትን ፎንቶች ብቻ ለይቶ ይዘረዝርላችኋል። ለላቲኑ ጽሑፍ ካርሊቶ የካሊብሪን፣ ካላዲያ የካምብሪያን፣ ሊበሬሽን ሰሪፍ የታይምስ ኒው ሮማንን የፊደል ስፋት ጠብቀው የተሠሩ ስለሆኑ መስመሩ ብዙም አይናጋም። ለኒያላ ግን እንዲህ በልኩ የተሰፋ ምትክ አላውቅም፣ ስለዚህ አማርኛው ገጽ መገፋቱ አይቀርም።

ድክመቱ ዝምታው ነው። ከትእዛዝ መስመር ሲቀይር «ይሄን ፎንት አጣሁ፣ በዚህ ተካሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። መፍትሔ አለው፣ ግን ሥራው የእናንተ ነው፦ ፒዲኤፉ ከወጣ በኋላ ፒዲኤፍ-ፎንትስ በሚባለው ትንሽ መሣሪያ ውስጡ ያሉትን ፎንቶች ታወጣላችሁ፣ ዎርዱ ከጠየቃቸው ጋር ታስተያያላችሁ፣ ልዩነት ካለ ፋይሉን ለሰው ዓይን ታቆያላችሁ። ኮዱ ረጅም አይደለም፣ እኔ ብሆን ሳልጽፈው ሲስተሙን ሥራ አላስጀምርም። ሌላው፣ ብዙ ፋይል ጎን ለጎን ለመቀየር ለእያንዳንዱ ሂደት የራሱ ፕሮፋይል ፎልደር (ቅንብሩን የሚያስቀምጥበት) ያስፈልገዋል፤ አለዚያ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

አስፖዝ ዎርድስ የሚከፈልበት ላይብረሪ ነው፤ ማለትም በራሳችሁ ፕሮግራም ውስጥ የምታስገቡት ዝግጁ ኮድ። ዶትኔት፣ ጃቫ፣ ፓይተንና ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ይሠራል፣ ዎርድ እንዲጫን አይጠይቅም። ገንዘቡን የሚያስቆጥረው እዚህ ጋ ነው፦ ማስጠንቀቂያ የሚቀበል ክላስ ጽፋችሁ ትሰጡታላችሁ፣ ፎንት ሲጠፋ የጠፋውን ስም፣ የተካውን ስምና ምክንያቱን ይነግራችኋል። ከዚያ መመዝገብም ሆነ ፋይሉን ማገድ በእጃችሁ ነው። ምትኩንም ደረጃ በደረጃ ነው የሚፈልገው፤ በምትክ ሰንጠረዥ፣ ቀጥሎ ሰነዱ ውስጥ ስለ ፎንቱ በተቀመጠው መረጃ፣ መጨረሻ ላይ በነባሪው ፎንት፣ ማለትም ሌላው ሁሉ ሲታጣ በሚወሰደው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ነባሪ ፎንት ብላችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ብታስቀምጡም ላይደርስበት ይችላል፣ ምክንያቱም በመረጃው ተመሥርቶ «የሚቀርበውን» የሚመርጠው ደረጃ ቀድሞ ሌላ ፎንት ያነሳል። ወይ ያንን ደረጃ አጥፉት፣ ወይ ኒያላን በስሙ ሰንጠረዡ ውስጥ አስገቡት። ሁለተኛው ይሻላል። ፎንቱ ኖሮ አንዳንድ ፊደል ብቻ ሲጎድለው ደግሞ ሌላ ቅንብር ነው የሚሠራው፤ ለኖቶ ቤተሰብ የተዘጋጀ ዝርዝር አለው፣ ፎንቶቹን ግን ራሳችሁ ትጭናላችሁ።

ዋጋው በሺህ ዶላር ቤት ነው፣ በዲቨሎፐርና በሚሠራበት ቦታ ብዛትም ይጨምራል። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚገዛ ዶላሩን ማግኘቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለ30 ቀን የሚያገለግል ጊዜያዊ ላይሰንስ በነጻ ስለሚሰጡ የራሳችሁን ፋይሎች ሳትሞክሩ አትክፈሉ። ያለ ላይሰንስ ከሞከራችሁት ማስታወቂያ ጽሑፍ ያትምበታል፣ ሰነዱንም ይቆርጠዋል፤ በዚያ ሙከራ የገጹን ብዛት ማመሳከር አይቻልም።

ማይክሮሶፍት ዎርድን ራሱን ሰርቨር ላይ ጭኖ በኮድ ማዘዝ የሚያስቡ አሉ። ፎንቶቹ እዚያ ከተጫኑ ገጹ ትክክል ይሆናል፣ ግን ማይክሮሶፍት ራሱ ሰው በሌለበት ሰርቨር ላይ እንዲህ መጠቀምን አልደግፍም ይላል። ተዉት።

ምክሬ ይሄ ነው። ቴምፕሌቱን የምታዘጋጁት እናንተው ከሆናችሁ፣ ማለትም ደረሰኝ፣ ሰርተፊኬት፣ ደብዳቤ ከሆነ፣ ሊብሬኦፊስን ውሰዱ፤ ቴምፕሌቱን ከመጀመሪያው በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ጻፉት፣ ሁለቱም በነጻ ላይሰንስ ስለሚሰጡ ሰርቨሩ ላይ መጫን ችግር የለውም። ኒያላን ከዊንዶውስ ቀድቶ ሊኑክስ ላይ መጫን ግን የላይሰንስ ጥያቄ ያስነሳል። ፋይሉ ከማታውቁት ሰው የሚመጣ ከሆነ፣ ገጹም መቀየር የሌለበት ውል ወይም የፍርድ ቤት ሰነድ ከሆነ፣ አስፖዝ ዋጋውን ያወጣል።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን የድሮ ፋይሎቻችሁን ክፈቱ። ዩኒኮድ ሳይስፋፋ በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ከሆኑ፣ ከሥር ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ሲጠፋ ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚወጣው። ያንን ሊብሬኦፊስም አስፖዝም በምትክ አያድኑትም። መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጥ መሣሪያ ነው የሚያስፈልጋችሁ።